ሰዓቱን የጠበቁት አባት፦ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ

የተወደዳችሁ ልጆች! እንደምን ሰነበታችሁ? ሁላችሁም እግዚአብሔር ይመስገን ብላችሁ እንደምትመልሱ እናውቃለን። በአገራችን ሰው ሰላምታ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚያነሣው የፈጣሪውን ስም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ይህን ቃል ስንናገር በእውነት እግዚአብሔርን እያሰብን ነውን? ወይስ አፋችን ብቻ ለምዶት ልባችን ሌላ ቦታ ነው?

አንድ ተማሪ ፈተና ሲደርስበት በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ውጤቱ ያማረ እንደሆነ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳያይ ይከርማል። አንዲት ልጅ እናቷ ስትታመም ሌሊት ተነሥታ ታለቅሳለች፤ እናቷ በዳነች ማግስት የማታ ጸሎቷን ትረሳለች። ልጆች! እነዚህ ልጆች ክፉዎች አይደሉም። እኛንም ይመስላሉ። በሽታቸው መርሳት ነው። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ እግዚአብሔርን በየሰዓቱ ማሰብ እንደሆነ የምንማርበትን የአንድ ታላቅ አባት ሕይወት በዛሬው ትምህርታችን እንመለከታለን። እኚህ አባት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ይባላሉ።

ሐይቅና አምባሰል

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ በስተ ቀኙ ሰፊና ሰማያዊ ውኃ ያያል። ይህ የሐይቅ ባሕር ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ከአገራችን ጥልቅ ሐይቆች አንዱ ነው። በዙሪያው የደቡብ ወሎ ተራሮች ቆመዋል። ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ደግሞ የአምባሰል አምባዎች ሰንሰለት ይታያል። የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የቀኝ ክንፉ ያረፈበት ግማደ መስቀል የሚገኝበት፣ ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚሰበሰቡበት የግሸን ደብረ ከርቤ አምባም በአምባሰል ነው። ስለዚህ ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ የእግዚአብሔር ስም ሲታሰብበት የኖረ አገር ነው።

በሐይቁ ዳር ወደ ውኃው የገባ አንድ ደብር አለ። ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር የተያያዘ ቢሆንም ቀድሞ ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። በላዩ የሰማዕታት መጀመሪያ የሆነው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በፊት ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ በንጉሡ በድል ነዓድ ጊዜ እንደተተከለ በትውፊት ይነገራል። ይሁን እንጂ ሐይቅ እስጢፋኖስ የታወቀ ገዳምና የመጻሕፍት ትምህርት ቤት የሆነው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ድካም ነው።

ልደታቸውና ስማቸው

አባታችን የተወለዱት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዳህና በተባለ አገር ነው። አባታቸው ዘክርስቶስ፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባሉ ነበር። ልጆች! እነዚህን ስሞች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ዘክርስቶስ ማለት የክርስቶስ ወገን፣ የክርስቶስ ገንዘብ ማለት ነው። እግዚእ ክብራ ማለት ጌታ ክብሯ ነው ማለት ነው። ኢየሱስ ሞዓ ማለት ደግሞ ኢየሱስ አሸነፈ፣ ድል ነሣ ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ባል ሚስቱን፣ ሚስት ባሏን፣ ወላጆችም ልጃቸውን በጠሩ ቁጥር የጌታችን ስም ይጠራ ነበር። ልጁ ከሜዳ ሲጠራ፣ ለማዕድ ሲጠራ፣ ለሥራ ሲጠራ የጌታችንን ድል ነሺነት ይሰማ ነበር። አባቶቻችን ለልጆቻቸው እንዲህ ያለ ስም የሚያወጡት ለማማር ብቻ አይደለም። ልጁ ስሙን በሰማ ቁጥር ፈጣሪውን እንዳይረሳ ነው። እናንተስ የክርስትና ስማችሁን ታውቃላችሁን? ትርጉሙንስ ጠይቃችሁ ተረድታችኋልን? ያልጠየቃችሁ እንደሆነ ዛሬ ማታ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ጠይቁ።

በደብረ ዳሞ

ኢየሱስ ሞዓ በወላጆቻቸው ቤት በሃይማኖትና በምግባር አደጉ። ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላም የዚህን ዓለም ኑሮ ትተው እግዚአብሔርን ብቻ ሊያገለግሉ ወሰኑ። ከአገራቸው ተነሥተውም ወደ ትግራይ፣ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ሄዱ። ደብረ ዳሞ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት ገዳም ነው። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ወደ ላይ የሚወጣው በገመድ ተስቦ ነው። ያን ገደል በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው እጁን ቢለቅ ይወድቃል። ስለዚህ ገመዱን ለአፍታም አይረሳም። እግዚአብሔርን ማሰብም ለክርስቲያን እንደዚያ ገመድ ነው።

በዚያን ጊዜ የደብረ ዳሞ አበ ምኔት አባ ዮሐኒ ነበሩ። ኢየሱስ ሞዓ ከእርሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ሥርዓተ ምንኩስናን ተማሩ፤ ልብሰ ምንኩስናንም ከእጃቸው ተቀበሉ። በገዳሙ ሰባት ዓመት ያህል እንደቆዩ ይነገራል። ቀን ቀን መነኮሳቱን በሥራ ያገለግሉ ነበር። ሌሊት ደግሞ በጸሎትና በስግደት ይተጉ ነበር። ከዚህም ጋር የጽሕፈት ሥራን ተማሩ።

ልጆች! በዚያ ዘመን መጽሐፍ መጻፍ እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። የማተሚያ መሣሪያ አልነበረም፤ ወረቀትም አይገኝም ነበር። አስቀድሞ የፍየል ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም በእንጨት ላይ ይወጠርና ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ ይወጣል። ሲደርቅና ሲለሰልስ ብራና ይሆናል። ከአንድ ፍየል ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ብዙ ፍየሎችን ይፈልጋል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከሌሎች ነገሮች ተቀምሞ ብዙ ቀን ይከርማል። ቀዩም ቀለም ለብቻው ይዘጋጃል። ጸሐፊው ብዕሩን ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ቀርጾ፣ ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊደል በፊደል ይጽፋል።

በብዙ የብራና መጻሕፍት ውስጥ የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ስምና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ይገኛል። ጸሐፊው ጥቁሩን ብዕር አስቀምጦ ቀዩን ያነሣል፤ ስሙንም ጽፎ እንደገና ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። ይህ ሥራውን ያዘገይበታል። ነገር ግን ስሙ በደረሰ ቁጥር ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። እንግዲህ መልካም ጸሐፊ በእጁ እየሠራ በልቡ ይጸልያል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓም ሥራና ጸሎት የማይለያዩ መሆናቸውን የተማሩት በዚህ ዓይነት ትጋት ነው።

ወደ ሐይቅ መምጣታቸው

ከዚህ በኋላ በ1240 ዓ.ም. ገደማ አባታችን ከደብረ ዳሞ ወጥተው ወደ ሐይቅ መጡ። ገድላቸው የእግዚአብሔር መልአክ እየመራ እንዳመጣቸው ይተርካል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑ ካህናት ነበሩት። ነገር ግን በደሴቱ ካህናቱ ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ስለነበር ቦታው እንደ ደብረ ዳሞ ያለ የመነኮሳት ሥርዓት አልነበረውም።

አባታችን እንደመጡ ማዘዝ አልጀመሩም። አስቀድመው ራሳቸው ሠሩ። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በጾምና በጸሎት ተወስነው ተቀመጡ። ሌሊትም ወደ ሐይቁ ወርደው ውኃው ውስጥ ቆመው ይጸልዩ እንደነበር ገድላቸው ይነግረናል። የወሎ ደጋ ብርድ እንዴት እንደሆነ የዚያ አገር ልጆች ታውቃላችሁ። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እርሳቸው ግን ሌላው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ስለ ራሳቸውና ስለ አገራቸው ሕዝብ ይለምኑ ነበር። በመኝታ ላይ ጎናቸውን ሳያሳርፉ ብዙ ዘመን እንደኖሩም በገድላቸው ተጽፏል።

ይህን ያዩ ካህናትና የአካባቢው ሰዎች ተጋድሏቸውን እየተመለከቱ አከበሯቸው። ቀስ በቀስም ከልዩ ልዩ አገር ወጣቶች ወደ እርሳቸው ይሰበሰቡ ጀመር። አባታችን የገዳሙ አበ ምኔት ሆኑ። ደሴቱም የወንዶች መነኮሳት መኖሪያ እንዲሆን ሥርዓት ተሠራ። እስከ ዛሬም ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ በሩቅ ሆነው ይሳለማሉ።

የመርሳት ዘመንና የመጻሕፍት ቤት

ልጆች! አባታችን መጻሕፍትን ማጻፍና ማስተማር ለምን ይህን ያህል እንዳሳሰባቸው እስቲ አስቡ። በዚያ ዘመን በብዙ አገር አስተማሪ ጥቂት ነበር። ክርስቲያን ነኝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወንጌል የሚያነብለትና የሚተረጉምለት አያገኝም። መጽሐፍ በሌለበትና አስተማሪ በሌለበት ቦታ አባት የሚያውቀውን ልጅ በግማሽ ይይዛል፤ የልጅ ልጅ ደግሞ ይረሳዋል። በመጨረሻም ስሙ ብቻ ይቀራል። አንድ ሰው እግዚአብሔርን እንደሚረሳ ሁሉ አንድ አገርም ሊረሳ ይችላል። አባታችን የተጋደሉት ይህ እንዳይሆን ነው።

ስለዚህ በሐይቅ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከእርሳቸው ዘንድ የሚመጣው ተማሪ ማንበብን፣ መጻፍን፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜና የምንኩስናን ሥርዓት ይማር ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ መጻሕፍት እየተጻፉና እየተሰበሰቡ በገዳሙ ይከማቹ ጀመር። ከእነዚህም አንዱ እስከ ዘመናችን የደረሰ ነው። እርሱም አባታችን በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል ነው። በውስጡ አራቱ ወንጌላት ተጽፈዋል። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓም ሥዕል በውስጡ ይገኛል። ከዚህም በላይ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦበታል። ከ700 ዓመት በላይ የሆነው ይህ መጽሐፍ ብዙ ጦርነትና ብዙ መከራ አልፎ ተጠብቆ መኖሩ የሚያስደንቅ ነው። መነኮሳቱ እንደ ዓይናቸው ብሌን ባይጠብቁት ኖሮ እኛ ዘንድ ባልደረሰም ነበር።

ደቀ መዛሙርታቸው

መልካም መምህር በደቀ መዛሙርቱ ይታወቃል። ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተምረው የወጡት መነኮሳት ቁጥር እስከ 800 እንደሚደርስ በትውፊት ይነገራል። ከእነዚህ መካከል ሁላችሁም ስማቸውን የምታውቋቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ተነሥተው፣ አስቀድመው በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ በአገልግሎት ከቆዩ በኋላ ወደ ሐይቅ መጡ። በዚያም ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ለዓመታት ተማሩ። በኋላም ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ከዚያም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህም ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለው ታላቅ ገዳም ነው።

ሌላው ደቀ መዝሙራቸው አቡነ ኂሩተ አምላክ ናቸው። እርሳቸው ወደ ጣና ሐይቅ ሄደው በደሴት ላይ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም መሠረቱ። ተመልከቱ ልጆች! የሐይቁ ተማሪ በሌላ ሐይቅ፣ በሌላ ደሴት፣ በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ገዳም ተከለ። መምህሩንም፣ የተማረበትንም ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እግዚአብሔርን እንዳልረሳ ይህ ያስረዳናል።

እንዲህ አድርጎ ከአንድ ደሴት የተነሣው ብርሃን ወደ ሸዋ፣ ወደ ጣና፣ ወደ ሌላውም አገር ደረሰ። አባታችን ግን ከገዳማቸው ወጥተው በየአገሩ አልዞሩም። በአንድ ቦታ ጸንተው ሌሎችን አስተምረው ላኩ እንጂ።

ንጉሡና ዐቃቤ ሰዓት

በ1262 ዓ.ም. ገደማ ይኩኖ አምላክ በኢትዮጵያ ነገሡ። ንጉሡ በልጅነታቸው በሐይቅ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ እንደተማሩ በትውፊት ይነገራል። በነገሡም ጊዜ መምህራቸውን አልረሱም። ገዳሙን በስጦታ አከበሩ። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበ ምኔትም ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕረግ አገኘ። ይህ ማዕረግ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በኋላ ለተነሡት የሐይቅ አበ ምኔቶች እየተላለፈ ለብዙ ዘመን ቆይቷል። በነገሥታቱም ዘንድ እጅግ የተከበረ ነበር።

ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ማለት ነው። ዐቃቤ ሰዓት ማለት እንግዲህ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። በቤተ መንግሥት ጉዳይ ይበዛል። ባለ ጉዳይ ይመጣል፤ ጦር ይነሣል፤ ግብር ይቆጠራል፤ ግብዣ ይደረጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ሰዓቱን የሚጠብቅ፣ ለሁሉም ጊዜ እንዳለው የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ንጉሥ ብዙ ጠባቂ አለው። ሀብቱን የሚጠብቅ፣ በሩን የሚጠብቅ፣ ሕይወቱን የሚጠብቅ አለው። ሰዓቱን ለመጠበቅ ግን የጸሎት ሰው ተመረጠ።

ልጆች! እዚህ ላይ ትልቅ ፈተና አለ። ሰው ሲቸገር እግዚአብሔርን ያስባል። ሲሾምና ሲከበር ግን ይረሳል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በብርድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ቆመው ሲጸልዩ የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነበር። በኋላ ግን ንጉሥ የሚያከብራቸው አባት ሆኑ። ቤተ መንግሥት ገብተው በክብር መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በገዳማቸው ጸኑ። ጾማቸውን አልተዉም፤ ጸሎታቸውን አላጎደሉም፤ ማስተማራቸውንም አላቋረጡም። ከንጉሡ ዘንድ ያገኙት ክብር ለገዳሙና ለትምህርቱ መጠቀሚያ ሆነ እንጂ ለራሳቸው ምቾት አልሆነም። በችግር ጊዜ ያሰቡትን ጌታ በክብር ጊዜም አልረሱም።

ዕረፍታቸው

አባታችን በሐይቅ ከ40 ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ በ1280ዎቹ ዓመታት፣ ኅዳር 26 ቀን ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ቀን መታሰቢያቸው አድርጋ በየዓመቱ ታከብረዋለች።

ከእርሳቸው በኋላ ገዳሙ አልጠፋም። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ልጅ ለትምህርት ወደ ሐይቅ ተላከ። ይህ ልጅ ትምህርቱ አልገባ ብሎት ብዙ ጊዜ እንደተቸገረ ገድሉ ይተርካል። ጓደኞቹ ሲያልፉ እርሱ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ነገር ግን ተስፋ አልቆረጠም። በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይለምን ነበር። እመቤታችንም ጸሎቱን ሰምታ አእምሮውን አበራችለት። እኚህ አባት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ናቸው። መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሱት እርሳቸው ናቸው። በየቤተ ክርስቲያናችን በሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእርሳቸው ድርሰት ነው። ሰዓት ጠባቂ ከሆኑት አባት ገዳም፣ ሰዓታትን የሚደርስ ሊቅ ወጣ። ትምህርት የሚከብዳችሁ ልጆች ይህን ታሪክ አትርሱ።

እኛስ እግዚአብሔርን እንዴት እናስብ?

እናንተ ልጆች ስለሆናችሁ በውርጭ ሌሊት ሐይቅ ውስጥ ቁሙ አትባሉም። ያ የታላላቅ አባቶች ተጋድሎ ነው። ነገር ግን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ዐቃቤ ሰዓት መሆን ትችላላችሁ። እንዴት ቢሉ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በጸሎት ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። እነርሱም በጧት 12 ሰዓት ነግህ፣ በ3 ሰዓት ሠለስት፣ በ6 ሰዓት ቀትር፣ በ9 ሰዓት ተሰዓት፣ በ11 ሰዓት ሠርክ፣ ስንተኛ ንዋም፣ በእኩለ ሌሊት መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በቀትር ጌታችን ስለ እኛ መሰቀሉን፣ በተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን እናስባለን። በትምህርት ቤት ሆናችሁ የ6 ሰዓት ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ደጅ ይሮጣል። እናንተም ሩጡ፤ ነገር ግን ከመሮጣችሁ በፊት በልባችሁ ጌታዬ በዚህ ሰዓት ስለ እኔ ተሰቀለ ብላችሁ አስቡ። ይህ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ጧት ስትነሡና ማታ ስትተኙ ግን ቆማችሁ፣ አማትባችሁ፣ ከቤተሰባችሁ ጋር ጸልዩ።

ሁለተኛ፣ በሥራ መካከል ነው። አባታችን ሲጽፉ ይጸልዩ እንደነበር አይተናል። እናንተም ውኃ ስትቀዱ፣ ከብት ስትጠብቁ፣ ቤት ስትጠርጉ፣ የቤት ሥራችሁን ስትሠሩ እግዚአብሔርን ማሰብ ትችላላችሁ። እግዚአብሔርን የሚያስብ ልጅ ሥራውን አያጭበረብርም። የጓደኛውን ደብተር አይገለብጥም። ማንም ባያየው የሚያየው እንዳለ ያውቃልና።

ሦስተኛ፣ በማዕድ ነው። ከመብላታችን በፊት እንባርካለን፤ ከበላንም በኋላ እናመሰግናለን። ሰው ሲርበው ምግብ ስጠኝ ይላል፤ ሲጠግብ ግን ማን እንደሰጠው ይረሳል። ከማዕድ በኋላ የምናደርሰው ምስጋና ይህን መርሳት ይከለክላል።

አራተኛ፣ በዝክርና በበዓል ነው። በየቤታችን እናቶቻችን በወር በ12 ቅዱስ ሚካኤልን፣ በ21 እመቤታችንን፣ በ24 አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ይዘክራሉ። ዝክር የሚለው ቃል የመጣው ዘከረ ከሚለው የግእዝ ቃል ነው። ትርጉሙም አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። እንግዲህ ዝክር ማለት መብልና መጠጥ ብቻ አይደለም። ቅዱሳኑን ያጸናውን እግዚአብሔርን ማሰብና ድሀውን ማሰብ ነው። በዝክር ቀን የተቸገረ ጎረቤት ተረስቶ ከቀረ ዝክሩ ጎደሎ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ዝክር ስትዘክር ለተቸገረው ጎረቤት ድርሻውን የምታደርሱት እናንተ ሁኑ።

አምስተኛ፣ በደስታ ጊዜ ነው። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ስንታመምና ስንፈተን እግዚአብሔርን ማሰብ ቀላል ነው። ፈተና ስናልፍ፣ አዲስ ልብስ ስንለብስ፣ በጨዋታ ስናሸንፍ ግን እንረሳለን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በክብር ጊዜ አልረሱም። ስማቸው ራሱ ድል የማን እንደሆነ ይናገራል። እናንተም ባሸነፋችሁ ቁጥር ያሸነፈላችሁን አስቡ።

የተወደዳችሁ ልጆች! እኛ ብንረሳውም እግዚአብሔር አይረሳንም። ሳንለምነው ያነቃናል፤ ሳንለምነው ፀሐዩን ያወጣልናል። እርሱን ማሰባችን ለእርሱ ጥቅም አይጨምርለትም። እኛን ግን ከመጥፋት ይጠብቀናል። ልጅ በገበያ መካከል የእናቱን እጅ የሚይዘው እናቱ እንዳትጠፋ አይደለም፤ እርሱ እንዳይጠፋ ነው።

ወደ ሐይቅ የመሄድ ዕድል የገጠማችሁ እንደሆነ ከባሕሩ ዳር ቆማችሁ ገዳሙን ተሳለሙ። በዚያ ውኃ ዳር ከ700 ዓመት በፊት አንድ አባት ሌሊቱን ሙሉ ሰዓቱን ሲጠብቁ ነበር። ዛሬም በዚያ ቦታ የጸሎቱ ሰዓት እየተጠበቀ ነው። በእናንተም ቤት ይጠበቅ።

የአባታችን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጸሎታቸውና በረከታቸው ይደርብን። አሜን።

የቃላት ትርጉም

አበ ምኔት፦ የገዳም አስተዳዳሪ፣ የመነኮሳት አባት።
ገድል፦ የአንድ ቅዱስ ተጋድሎና ሕይወት የተጻፈበት መጽሐፍ።
ትውፊት፦ ከአባቶች ለልጆች ሲተላለፍ የመጣ።
ብራና፦ ከቆዳ ተዘጋጅቶ የሚጻፍበት።
ዐቃቤ፦ ጠባቂ።
ዘከረ፦ አሰበ፣ አስታወሰ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ፣ የአባታቸውና የእናታቸው ስም ትርጉም ምንድን ነው?
2. አባታችን በደብረ ዳሞ ከማን ዘንድ ተማሩ? የተማሩትስ ምን ምን ነው?
3. መጽሐፍና አስተማሪ በሌለበት አገር ሕዝቡ እግዚአብሔርን ቀስ በቀስ የሚረሳው ለምንድን ነው?
4. ዐቃቤ ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው?
5. ከአባታችን ደቀ መዛሙርት ሁለቱን ጥቀሱ። የመሠረቷቸውን ገዳማትም ተናገሩ።
6. ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በቃላችሁ ዘርዝሩ።
7. በዚህ ሳምንት እግዚአብሔርን የረሳችሁበት አንድ ሰዓት የትኛው ነበር? በሚቀጥለው ሳምንት ያን ሰዓት እንዴት ትጠብቁታላችሁ? በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።